አራት ሌሊት ሆስፒታል አድራ «አልተኙም» ተባለ፤ ሜዲኬር ለምን አልከፍልም ይላል?

የማሚ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እናቴ 76 ዓመቷ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። 14 ዓመት የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ኖራ ጡረታ ወጣች። ሜዲኬሯ፣ ያ የመንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ፣ የለፋችበት ነው። ያላት መንግሥት በቀጥታ የሚከፍለው ኦሪጅናሉ ነው፤ ፓርት ኤ (የሆስፒታል) እና ፓርት ቢ (የዶክተርና የተመላላሽ)።

ማርች መጨረሻ ላይ ሌሊት ተነስታ ሻወር ቤት ውስጥ ወደቀች። አምቡላንስ ጠራን። የዳሌ አጥንቷ ተሰንጥቋል፣ ግን ኦፕሬሽን አያስፈልገውም ተባለ። አራት ሌሊት ሆስፒታል አደረች። አልጋ ተሰጥቷት፣ የሆስፒታል ጋውን ለብሳ፣ እጇ ላይ አምባር ታስሮ፣ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ። ዶክተሮች ጠዋትና ማታ ይመጡ ነበር። ከዚያ መራመድ ስላልቻለች ሪሃብ፣ ማገገሚያ ማዕከል፣ ላኳት። 19 ቀን ቆይታ ወከር ይዛ በእግሯ ወጣች። ተመስገን ብለን ዶሮ ሠራን።

ባለፈው ሳምንት ከሪሃቡ ፖስታ መጣ። 9,120 ዶላር ክፈሉ ይላል። ስህተት መስሎኝ ደወልኩ።

«ሜዲኬር ክሌሙን፣ የክፍያ ጥያቄውን፣ ዲናይ አድርጎታል፤ አልከፍልም ብሏል» አለችኝ ቢሊንግ ላይ ያለችው ልጅ።

«ለምን?»

«እናትሽ ወደኛ ከመምጣታቸው በፊት ሆስፒታል ስላልተኙ።»

«አራት ሌሊት እኮ ነው ያደረችው! ወንበር ላይ አብሬያት ያደርኩት እኔ ነኝ!»

«ኦብዘርቬሽን ነበሩ» አለችና ሌላ ስልክ እንደሚጠብቃት ነገረችኝ።

እማዬ ይሄን ከሰማች ወዲህ እህል አይወርድላትም። የዕቁብ ብሯን አውጥታ ልትከፍል ነው። «ዕዳ ይዤ አልሞትም» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ «ከመንግሥት ጋር ተጋፍተሽ የት ትደርሻለሽ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ይለኛል።

ይሄ ነገር የደረሰበት አለ? ለምንድን ነው የማይከፍሉት? ይግባኝ ማለትስ ዋጋ አለው?

ኮድ ቆጣሪዋ

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን እናትሽ ቆመው ሄዱ። ሁለተኛ፣ የዕቁቡን ብር እንዳትነኩት።

11 ዓመት ሜዲካል ቢሊንግ ላይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የማየው ይሄንኑ ነው። ዲናይ የሚል ወረቀት ሲመጣ ሰው ሁሉ «ሕክምናው አያስፈልጋትም ነበር አሉ» ብሎ ነው የሚናደደው። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ እንደዛ አይደለም። ወረቀት ላይ የሰፈረው ቃል ከደንቡ ጋር አልገጠመም፣ በቃ። ክሌሙን መጀመሪያ የሚያየው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር እናትሽን አያውቃቸውም፤ ቀን፣ ኮድና ፊደል ነው የሚያውቀው።

እናንተን የያዛችሁ ቃል ኦብዘርቬሽን ነው። ሆስፒታል አልጋ ላይ ያለ ሰው ሁሉ በሜዲኬር ዓይን «የተኛ» አይደለም። ዶክተሩ «ኢንፔሸንት» ብሎ ትእዛዝ ከጻፈ ተኝቷል። «ኦብዘርቬሽን»፣ ለክትትል ይቆይ፣ ብሎ ከጻፈ ግን ተመላላሽ ታካሚ ነው፣ ያው ክሊኒክ ደርሶ እንደሚመለስ ሰው። አልጋው ያው ነው፣ ነርሷ ያቺው ናት፣ ምግቡም ያው ጨው የሌለው ምግብ ነው። የሚለየው ቃሉ ብቻ ነው።

እና ኦሪጅናል ሜዲኬር ሪሃብ እንዲከፍል በተከታታይ ሦስት ቀን ኢንፔሸንት ሆነው መተኛት አለባቸው። የገቡበት ቀን ይቆጠራል፣ የወጡበት አይቆጠርም። የኦብዘርቬሽን ቀን ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ይሄ ደንብ ሜዲኬር በ1965 ሲቋቋም ጀምሮ ያለ ነው። ያኔ ሰው ሆስፒታል ከገባ ሰነባብቶ ነበር የሚወጣው፤ ሦስት ቀን ምንም አልነበረም። በኮቪድ ጊዜ ደንቡ ተነስቶ ነበር። ሜይ 11፣ 2023 ተመልሶ መጣ። ደንቡን ቢያሟሉ ኖሮ የመጀመሪያው 20 ቀን ሙሉ በሙሉ ይከፈል ነበር። 19 ቀን ነው ያልሽው፤ ማለትም ከኪሳችሁ ለሪሃቡ ዜሮ።

አሁን ሁለት ነገር ፈልጊ።

ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣችሁ ፎልደር ውስጥ «ሙን» የሚባል ቅጽ መኖር አለበት። ኦብዘርቬሽን ላይ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ ሰው ይሄ ወረቀት በ36 ሰዓት ውስጥ ተሰጥቶት በቃልም ሊነገረው ይገባል። ታካሚው ይፈርምበታል።

ሁለተኛውና ዋናው ግን፣ የሆስፒታሉን ሪከርድ አውጪና የመጀመሪያው ትእዛዝ ምን እንደሚል እዪ። ከመጀመሪያው ኦብዘርቬሽን ነበሩ? ወይስ መጀመሪያ ኢንፔሸንት ተብለው በኋላ ነው የተቀየረው? ይሄ የሰማይና የምድር ልዩነት አለው። አይተሽ ተመለሽ።

እውነቱን ልንገርህ

እኔ ሰው ላሳዝን ብዬ አይደለም፤ ይሄ አፒል፣ ይግባኝ የሚሉት ነገር ጊዜ ማባከኛ ነው። አባቴ ላይ 2,300 ዶላር መጣ። ፋክስ ላክ፣ ጠብቅ፣ እንደገና ላክ። በመጨረሻ ሰልችቶኝ ደውዬ በወር 75 ዶላር ተስማማሁና ተገላገልኩ። እንቅልፍ ይበልጣል። ወንድምሽ ልክ ነው።

የሲያትሉ ጡረተኛ

ልጄ፣ ተገላገልኩ ያልከው እኮ እነሱ ናቸው ባንተ የተገላገሉት። አትቀየመኝ።

የኔ ነገር ትንሽ ይለያል፤ የእኛ ሜዲኬር አድቫንቴጅ ነው፣ በግል ኢንሹራንስ በኩል የሚሄደው። ባለቤቴ ስትሮክ መታት። ሦስት ቀን ምናምን የሚባል ጣጣ አልነበረብንም፣ ፕላናችን እሱን አይጠይቅም። የኛ መከራ የመጣው ሪሃብ ከገባች በኋላ ነው። በ14ኛው ቀን አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። «ከነገ ወዲያ ኢንሹራንሱ መክፈል ያቆማል» ይላል። ባለቤቴ ገና ማንኪያ መያዝ አልቻለችም!

እኔ ዱሮ መምህር ነበርኩ፤ ወረቀት ሳላነብ አልፈርምም። ሁለተኛው ገጽ ላይ የስልክ ቁጥር አለ። ክፍያው ከሚቆምበት ቀን በፊት ባለው ቀን እስከ እኩለ ቀን ድረስ ደውሉ ይላል። ያ ቁጥር የኢንሹራንሱ አይደለም፤ ሜዲኬር የቀጠረው ገለልተኛ ገምጋሚ ነው፣ ኪው አይ ኦ የሚሉት። ጠዋት 10 ሰዓት ከ15 ላይ ደወልኩ (በፈረንጁ ነው የምላችሁ)። ፋይሉን ተቀብለው አዩትና በማግስቱ ፈረዱልን። 11 ቀን ተጨመረላት።

ለምን እንዳቆሙ በኋላ ፋይሏን ስጠይቅ አየሁት። ቴራፒስቷ «ፕላቶ» ብላ ጽፋለች። ከዚህ በላይ አትሻሻልም ማለት ነው። አንዲት ቃል! እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በ2013 ጂሞ የተባለው ክስ በስምምነት ሲያልቅ ሜዲኬር ግልጽ አድርጓል። ሰውየው ባይሻሻልም፣ ያለበትን ለማቆየት ወይም እንዳይብስበት የባለሙያ እጅ የሚያስፈልገው ከሆነ ይከፈላል። «አልተሻሻለም» ብቻውን መከልከያ መሆን አይችልም። ይሄንን ለቴራፒስቷ ስነግራት ሰምታው አታውቅም ነበር። ደግ ልጅ ናት፣ በሚቀጥለው ኖቷ ላይ አስተካክላ ጻፈች።

ሁለተኛ ጊዜ ሲያቆሙ ግን ተሸነፍኩ። እሱንም ልንገራችሁ፣ ሁሌ አይሳካም።

ለእውነቱን ልንገርህ አንድ ቁጥር ልስጥህ። ኬ ኤፍ ኤፍ የሚባለው የጤና ጥናት ተቋም ያወጣው ነው። በ2023 የአድቫንቴጅ ኢንሹራንሶች 3.2 ሚሊዮን ያህል የቅድሚያ ፈቃድ ጥያቄዎችን በሙሉ ወይም በከፊል ከልክለዋል። ይግባኝ የተባለው 11.7 በመቶው ላይ ብቻ ነው። ይግባኝ ከተባለው ውስጥ ደግሞ 81.7 በመቶው በሙሉ ወይም በከፊል ተሽሯል። ከመቶ ሰማንያው እንደሚሸነፍ እያወቁ ነው «አይሆንም» የሚሉን። ሰው ዝም እንደሚል ያውቃሉ።

ሰሊና

ጋሼ ሲያትል፣ እግዚአብሔር ይማርልዎ።

እኔ ደግሞ ለማስጠንቀቅ ያህል፣ አባባ ለፋሲካ አዲስ አበባ ሄዶ እዚያ ልቡን አሞት ነበር። ደረሰኙን በሙሉ ሰብስበን ሜዲኬር ላይ ልናስገባ ስንል ከአሜሪካ ውጭ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር፣ ምንም አይከፍልም አሉን። ይሄ ይግባኝ ቢሉም የሚሆን አይደለም። ወላጆቻችሁን ስትልኩ የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙላቸው። የመስማት ማገዣ መሣሪያም፣ ተራ የጥርስ ሕክምናም፣ ተራ መነጽርም ኦሪጅናሉ ላይ የለም።

ኮድ ቆጣሪዋ

ሰሊና ያለችው ልክ ነው። «ደንቡ ጭራሽ አይሸፍነውም» እና «ይሸፍናል ግን ወረቀቱ ተበላሽቷል» የተለያዩ ናቸው። እኔ ጋ የሚመጣው ሁለተኛው ነው። ካየኋቸው የሚያስቁኝን ልንገራችሁ። እያለቀስኩ ነው እንግዲህ የምስቀው።

የኛ ሰው ስም። «ወለተ ማርያም» የሚባሉ እናት ካርዳቸው ላይ ሁለቱም አንድ ላይ ተጽፏል። ክሊኒኩ ፊት ለፊት ያለችው ልጅ ለሁለት ከፈለችው። ወለተ መጠሪያ፣ ማርያም የአባት ስም ሆኖ ቁጭ! ኮምፒውተሩ «እንዲህ የምትባል ሴት የለችም» ብሎ መለሰው። ሦስት ጊዜ። ችግሩን ያገኘሁት ካርዱን በዓይኔ ሳየው ነው። ስለዚህ ካርዱን ራሱን ስጡ፣ በቃል አትንገሩ።

የካርዱ ቁጥርም እንደዚሁ። 11 ፊደልና አሃዝ ነው። ውስጡ ኤስ፣ ኤል፣ ኦ፣ አይ፣ ቢ እና ዚ የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት በፍጹም አይገቡም፤ ሆን ተብሎ ነው የተተዉት፣ ከቁጥር ጋር እንዳይምታቱ። ክብ ነገር ካያችሁ ዜሮ ናት። ይሄን የማያውቅ ክሊኒክ ስንት ክሌም እንደሚመለስበት ብታዩ።

ከዚያ ደግሞ አሁንም የሚሠሩ ወይም በቅርብ ሥራ ያቆሙ አሉ። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው የድርጅቱ ኢንሹራንስ ነው መጀመሪያ የሚከፍለው፣ ሜዲኬር ቀጥሎ ነው። ሰውየው ጡረታ ወጥቶ ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ በኋላም የሜዲኬር ኮምፒውተር «ሌላ ኢንሹራንስ አለህ» እያለ ዲናይ ያደርጋል። ደውሎ ማስተካከል ነው፣ ያልቃል።

«አጠቃላይ ምርመራ» እያላችሁም ቀጠሮ አትያዙ። ተራ ፊዚካል አይሸፈንም፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሸፈነው «ዌልነስ ቪዚት» የሚባለው ነው። ስልክ ላይ የምትሉት ቃል ነው ኮድ የሚሆነው።

የማሚ ልጅ፣ ሪከርዱ ምን አለ?

የማሚ ልጅ

እሺ፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ።

ፎልደሩን አገኘሁት፤ እማዬ የቤተክርስቲያን ካላንደር ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ሙን የተባለው ወረቀት አለ። እንግሊዝኛ ነው። ከታች የእማዬ ፊርማ፣ በአማርኛ፣ ያ ጅራቱ ረዥም የሆነው ፊርማዋ። ሰዓቱ 11:40 ፒ ኤም ይላል። እኔ ያኔ መኪና ላዛውር ወርጄ ነበር። «ምን ብለው አስፈረሙሽ?» አልኳት። «ልጅቱ ፈገግ ብላ እስክሪብቶ ሰጠችኝ፣ ፈረምኩ። ጎበዝ ልጅ ነበረች» አለችኝ።

አስተርጓሚ አልጠሩላትም። በነጻ መጥራት እንደሚችሉ እኔ ራሴ አሁን ነው የሰማሁት።

ዋናው ግን ይሄ ነው። የሆስፒታሉ የታካሚ ድረ ገጽ (ፖርታል) ላይ ገብቼ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ አየሁ። የመጀመሪያው ሌሊት 3:12 ኤ ኤም ላይ የድንገተኛው ዶክተር የጻፈው «ኢንፔሸንት» ይላል! በማግስቱ ከሰዓት ሌላ ሰው ነው ወደ ኦብዘርቬሽን የቀየረው። ያንን ሰው አንድም ቀን ክፍላችን ውስጥ አላየነውም።

ኮድ ቆጣሪዋ

እልልል! በይ ስሚኝ።

ከመጀመሪያው ኦብዘርቬሽን ቢሆኑ ኖሮ እጅሽ ላይ ብዙም ነገር የለም ልልሽ ነበር። አሁን ግን አለ። በ2011 የተጀመረ የጡረተኞች ክስ ነበር፤ ልክ እንደ እናትሽ መጀመሪያ ኢንፔሸንት ተብለው ሆስፒታሉ የቀየረባቸው ሰዎች። ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶ በጃንዋሪ 2022 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው፤ ይግባኝ የማለት መብት አላችሁ አለ። ደንቡ በኦክቶበር 2024 ወጣ። ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ሆስፒታሎች ሲቀይሩ ራሱን የቻለ የለውጥ ማስታወቂያ መስጠት አለባቸው። ከሙን የተለየ ወረቀት ነው። እናትሽ የወደቁት ማርች 2025 ነው። ተሰጥቷቸዋል?

ፈጣኑ ይግባኝ ከሆስፒታል ሳይወጡ የሚባለው ነበር። ከወጡ በኋላም ግን በሩ አልተዘጋም። የሚቀርበው ጋሼ ለነገሩን ለኪው አይ ኦው ነው። ወንድምሽ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ የለ፣ ተከሶ ተፈርዶበታል በዪው።

ደብዳቤሽ አጭር ይሁን። ለቅሶ አታብዢበት፣ እኔም ጀማሪ እያለሁ አበዛ ነበር። የምትጽፊው ይሄን ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ በስንት ሰዓት ተጻፈ፣ መቼ ተቀየረ፣ ስንት እኩለ ሌሊት አለፈ። ከ2013 ጀምሮ ያለው ደንብ፣ ዶክተሩ ታካሚው ሁለት እኩለ ሌሊት የሚሻገር የሆስፒታል እንክብካቤ ያስፈልገዋል ብሎ ከገመተ ኢንፔሸንት መሆን ተገቢ ነው ይላል። እናትሽ አራት ነው ያለፉት። መቆም አለመቻላቸውን፣ በደም ሥር የተሰጣቸውን መድኃኒት ከነርሶቹ ኖት አውጥተሽ አያይዢ።

ከሪሃቡ ዲናይ ጋር የመጣውን የሜዲኬር ማጠቃለያ ወረቀትም ያዢው። እሱ ላይ ለብቻው ይግባኝ ለማለት ከደረሰሽ ቀን ጀምሮ 120 ቀን አለሽ። ሁለቱንም ሩጪ፣ አንዱን አትጠብቂ። ሪሃቡን ደግሞ «አፒል ላይ ነን፣ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ እንዳትልኩት» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂያቸው።

አንድ የማትወጂው ነገር ልንገርሽ። ካሸነፋችሁ የሆስፒታሉ ቆይታ ወደ ፓርት ኤ ስለሚዞር የ2025ቱ ተቀናሽ (ሜዲኬር ከመክፈሉ በፊት ከኪስ የሚወጣው) 1,676 ዶላር ሊመጣባችሁ ይችላል። ከ9,120 ይሻላል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ቪካፕ የሚባል አለ፤ የሜዲኬር ነጻ አማካሪዎች ናቸው። ወረቀቱን አብረውሽ ይሞላሉ። ምንም አይሸጡም።

እውነቱን ልንገርህ

ያ 75 ዶላር አሁን ነው የቆጨኝ። የአባቴን ወረቀት እስቲ ላየው። 120 ቀኑ አልፏል ግን፣ ሞቻለሁ ማለት ነው?

ኮድ ቆጣሪዋ

በቂ ምክንያት ካለህ ዘግይቶም ይቀበላሉ፤ ምክንያትህን ጻፍላቸው። ሆስፒታል ነበርኩ፣ ወረቀቱ አልደረሰኝም፣ እንደዚህ ያለ። ሰልችቶኝ ነበር አይሠራም። 😀

የማሚ ልጅ

ያለፉት ሁለት ሳምንታት እንዲህ ሆነ።

የለውጥ ማስታወቂያ የሚባለው ወረቀት ፎልደሩ ውስጥ የለም። ሆስፒታሉን ጠይቄ እስካሁን «እየፈለግን ነው» ላይ ናቸው። ቪካፕ የሄድኩ ቀን ያገኘኋት ሴትዮ ግን ጉድ ናት። 20 ደቂቃ ውስጥ ደብዳቤዬን ከሦስት ገጽ ወደ አንድ አወረደችው። «ወንበር ላይ አድሬ ጀርባዬን አሞኛል» የሚለውን ሰረዘችብኝ።

ማክሰኞ ፋክስ አደረግን። ሐሙስ ከኪው አይ ኦው ደወሉ፣ ከእማዬ ራሷ ጋር መነጋገር ይፈልጋሉ፣ አማርኛ አስተርጓሚ መስመር ላይ አለ። ስፒከር ላይ አደረግነው። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች፣ ልክ የሚያዩዋት ይመስል።

አስተርጓሚው «እማማ፣ ሆስፒታሉ በእነዚያ አራት ቀናት አልተኙም ነው የሚለው። እርስዎ ምን ይላሉ?» አላት።

እማዬ ትንሽ አሰበች።

«እሱስ እውነታቸውን ነው» አለች። «ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ስታቃስት፣ ያ ማሽን ሲጮህ፣ አራቱንም ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም።»

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጥ ሲያደርግ ይሰማል። እንዴት አድርጎ ወደ እንግሊዝኛ እንደመለሰው ግን እንጃ። መልሱን በደብዳቤ እንልካለን ብለዋል። ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።